የተከፈተው በርና ያልተለወጠው ጓዳ

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሴቶች እኩልነት በተነገረ ቍጥር ጮክ ብለን የምናጨበጭበው እኛ ወንዶች ተማሪዎች ነን። ዛሬ ግን ጭብጨባውን ለጥቂት ጊዜ አቆይተን ራሳችንን ብንመረምር ይበጃል ብለን ተነሥተናል።

አገራችን በዚህ ረገድ የተጓዘችበት መንገድ ቀጥ ያለ አልነበረም። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን ይመሩ የነበሩት ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። ይህ በሆነ በሁለት ዓመቱ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ሰቡ አለቃ ባል ነው፤ ሚስትም ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ትታዘዘው አለ። የጋብቻንም ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ብሎ ወሰነ። በ15 ዓመቷ የተዳረች ልጅ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ደጃፍ መድረሷ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ባልና ሚስት በትዳራቸው እኩል ናቸው አለ፤ ዕድሜውንም ለሁለቱም 18 አደረገው።

እንግዲህ ሕጉ የተወውን ልማድ ማን ይዞት ቀረ? መልሱ ሩቅ አይደለም። ለዕረፍት ወደ ቤት ስንመለስ ወንድምና እኅት ለአንድ ዓይነት ፈተና ይዘጋጃሉ። ለእርሱ «ልጄ ያጥናበት፤ አትረብሹት» ይባልለታል። እርሷ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ቡና ታፈላለች፤ መጽሐፏን የምትገልጠው ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ውጤቷ ያነሰ እንደ ሆነ ግን «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እየተባለ ይተረትባታል።

ያንኑ ጓዳ ወደ ግቢያችንም ይዘነው መጥተናል። በዚሁ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ሐሳብ ልታቀርብ እጇን ያወጣችውን እኅታችንን «እስቲ መጀመሪያ ሻዩን አስመጪልን» ያልናት እኛ ነን። ሻዩ መጣ፤ ሐሳቧ ግን ሳይሰማ ስብሰባው ተበተነ። ጸሐፊ ስንመርጥ «ጽሕፈቷ ያምራል» እያልን ሴት እንፈልጋለን፤ ሊቀ መንበር ስንመርጥ ግን ስለ ጽሕፈት የሚጠይቅ የለም። ለሴቶች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ በተደረገባቸው ዓመታትም «በችሮታ የገባች» እያልን ያሾፍነው እኛው ነን። እኛ ያጠናንበት ሰዓት ከእኅቶቻችን ሰዓት የተቈረሰ አልነበረምን? ታዲያ በችሮታ የገባው ማነው?

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የስብሰባው መስተንግዶ ለወንዱም ለሴቷም በተራ ይድረስ። ለሊቀ መንበርነት በሚደረገው ምርጫ ሴቶችም በዕጩነት ይቅረቡ። እኛም ወንዶቹ በሚመጣው ዕረፍት እናቶቻችን ቢስቁብንም ጓዳ እንግባ፤ እኅቶቻችንም ቀን በብርሃን ያጥኑ።

ነገሩ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሕጉን ለመለወጥ 40 ዓመት ፈጅቷል፤ ሽንኩርት ለመክተፍ የሚያስፈልገው ቢላዋ ብቻ ነው።