ለጮኸ ሁሉ መልስ አይሰጥም



ፒያሳ አጠገብ ያለውን «እሪ በከንቱ» የሚባለውን ሰፈር የአራዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስሙ የወጣለት፣ በዚያ የተዘረፈ ሰው ቢጮኽ የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይባላል። ዛሬ ግን እሪ በከንቱ በየኪሳችን ገብቷል። በፌስቡክ፣ በቲክቶክ፣ በቴሌግራም ሌሊቱን ሙሉ እንጮኻለን፤ የሚሰማ የለም። ዘረፋውም አልቀረም፦ እንቅልፋችን፣ ሰላማችን፣ የጸሎት ሰዓታችን ይወሰዳል።

«ታዲያ ፓስተር፣ ጌታዬ ሲሰደብ፣ እምነቴ ‹መጤ› ሲባል ዝም ልበል?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እስቲ 2ኛ ነገሥት 18ን ክፈቱ።

የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም የይሁዳን የተመሸጉ ከተሞች ይዟል። የላከው ሹም ራፋስቂስ ኢየሩሳሌም ቅጥር ሥር ቆሞ ንጉሡንም እግዚአብሔርንም ይሰድባል። የሕዝቅያስ ሰዎች በሶርያ ቋንቋ እንዲናገር ቢለምኑት እምቢ አለ። በቅጥሩ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ እንዲሰማው ሆን ብሎ በአይሁድ ቋንቋ ጮኸ። አያችሁ? ሰውየው መልስ አልፈለገም፤ የፈለገው ተመልካች ነው። ሕዝቡ ግን አንድ ቃል አልመለሰም፤ ንጉሡ እንዳይመልሱ አዝዞ ነበርና (18፥36)። ዝምታቸው ፍርሃት አልነበረም፤ መታዘዝ ነበር።

ነገሩ በዝምታ ብቻ አላለቀም። በኋላ የስድቡ ደብዳቤ ሲደርሰው ሕዝቅያስ አነበበው፤ ከዚያም ይዞት ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጣና በጌታ ፊት ዘረጋው (19፥14)። መልሱ ከሰማይ መጣ። ሰናክሬም ወደ ከተማዋ አንዲት ፍላጻ እንኳ ሳይወረውር ነነዌ ተመለሰ።

እንግዲህ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፦ ለማወቅ የሚጠይቅና ለተመልካች የሚጮኽ። ለሚጠይቅ ሰው በየዋህነት መልስ እንድንሰጥ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 ያስተምረናል። በውስጥ መስመር ጻፉለት፤ ከተቻለም ቡና ጋብዙትና ፊት ለፊት አውሩት። ለሚጮኸው ግን ከቅጥሩ አትውረዱ።

በአራዳ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ጴንጤው በአንድ ግቢ ቡና እየተጠራሩ፣ በአንድ እድር እየተቀባበሩ ኖረዋል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ጎረቤት ተበታተነ፤ አሁን ብዙዎችን የሚያገናኛቸው ስልክ ብቻ ነው። ማታ ተናዳችሁ በሰው ጾምና በዓል ላይ የጻፋችሁትን፣ በልጅነታችሁ እንጀራ ያጎረሰቻችሁ እማማ ልጇ ያነብላታል። ክርክሩን ብትረቱ እንኳ እሷን ታጣላችሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ኢየሱስ ብትነግሯት በየትኛው ጆሮዋ ትሰማችኋለች?

ስለዚህ ደም የሚያፈላ ጽሑፍ ስታዩ ጣታችሁ አይቅደም። ስልኩን እንደ ሕዝቅያስ ደብዳቤ በጌታ ፊት አኑሩት። ለጻፈው ሰው ስሙን ጠርታችሁ ጸልዩለት፤ ከዚያም ተኙ። ጠዋት ስትነሡ ሰውየው ጠያቂ ይሁን ጯኺ ይለይላችኋል። አራዳ ማለት እኮ ለጠብ ሁሉ የሚነሳ አይደለም፤ የቱን ማለፍ እንዳለበት የሚያውቅ ነው።

አሁን አብራችሁኝ ጸልዩ፦ ጌታ ሆይ፣ ጣቶቼን ግዛ። ለስምህ የምቀና መስሎኝ ጎረቤቴን እንዳልገፋ ጠብቀኝ። የሰደቡኝን በአንተ ፊት እዘረጋለሁ፤ መልሱ ያንተ ይሁን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።