አስተያየት ያለው ተሳፋሪ

የጂንካ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና የዛሬ ተመራቂዎች፣

የክብር እንግዳ መድረክ ላይ ሲወጣ ስለ ራእይ፣ ስለ ጽናትና ስለ አገር ተረካቢነት እንዲናገር ይጠበቃል። ከእኔ በኋላ የሚናገሩ ትልልቅ ሰዎች ስላሉ ያንን ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ። እኔ ስፖርትና ሙዚቃ ሳወራ ዕድሜዬን የጨረስኩ የሬዲዮ ሰው ነኝ። ስልክ ተደውሎ "አስተያየት አለኝ" ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ስላልሰጣችሁ ነገር ነው፤ ቡና ስትጠጡ፣ ባጃጅ ውስጥ ስትቀመጡ፣ ዶርም ውስጥ ተጋድማችሁ ስለምትጥሉት አስተያየት።

ከአርባ ምንጭ ስመጣ ከጎኔ አንድ ወጣት ተቀምጦ ነበር። እዚህ ጋዋን ለብሶ ይኑር አይኑር አልናገርም። ሚኒባሱ ገና ሳይሞላ "ሜሲ ይበልጣል፣ አለቀ!" ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። ረዳቱ የሮናልዶ ሰው ስለነበር ጉዳዩ ተመልሶ ተከፈተ። ልጁ አርሰናል ነው። አርሰናል በአውሮፓውያኑ 2004 በሊጉ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ ሲያነሳ እሱ ጡት ይጠባ ነበር፤ የዚያን ቡድን አሰላለፍ ግን ከግብ ጠባቂው ጀምሮ በቃሉ ወረደው። ሹፌሩ ዕድሜው የገፋ ሰው ነውና በመስታወቱ አየት አድርጎት "የእኛን የ1954ቱንስ?" አለው። መንግሥቱ ወርቁና ሉቻኖ ቫሳሎ የተሰለፉበትን፣ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ያስቀረውን ቡድን ማለቱ ነው። ልጁ ሁለት ስም ጠርቶ ቆመ። የ2005ቱን ግን፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱትን ዋልያዎች፣ በሚገባ ያውቃል። ያኔ ሕፃን ነበር፤ ጎረቤት ቤት ቆሞ ነው ያያቸው።

ይህን ልጅ ሳዳምጥ አንድ ነገር ገረመኝ። መምህራኑ ይመስክሩ፤ ክፍል ውስጥ "ምን ይመስላችኋል?" ሲባል አንገቱን ደፍቶ ደብተሩን የሚያገላብጥ ተማሪ ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት ሲገባ ጠበቃ ይሆናል። ማስረጃ ያቀርባል፣ የተቃራኒውን ወገን ነጥብ ይሰማል፣ ሲሰማ ደግሞ ያፈርሳል። ይህን ማንም አላስተማረውም። ለምን ክፍል ውስጥ ዝም ይላል? እዚያ መሳሳት ነጥብ ያስቀንሳል፣ ያስቃል። ኳስ ላይ ግን የፈለገውን ተናግሮ ቅዳሜ ማታ ውጤቱ ይፈርድበታል፣ ሰኞ ጓደኞቹ ያበሽቁታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሳቡን አስተካክሎ ይመለሳል። እኔ እስከማውቀው ድረስ ምርምር የሚባለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የሚለየው ብሽቀቱ በጨዋ ቋንቋ መሆኑ ነው። (ውርርድ ቤት የምትገቡትን አይመለከትም። አስተያየቱን በብር ያስያዘ ሰው ጨዋታ አያይም፤ የሚያየው ትኬቱን ነው።)

ታዲያ ያን የሚኒባስ ልጅ የጂንካ ከተማን ቡድን ተከላካይ ስም ስጠይቀው ሳቀ። ሳቁ አልተመቸኝም። በከተማችሁ መሀል የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር አለ፤ አውሮፕላኑ ሌላ ሜዳ ካገኘ በኋላም ልጆች ኳስ የሚያባርሩበት። እዚያ ዳር ቆማችሁ "ይሄ ልጅ ግራ እግሩን አይጠቀምም" ብትሉ አስተያየቱ በዚያው ቀን ለባለቤቱ ይደርሳል፤ ነገ ግራ እግሩን ሊሞክር ይችላል። ለንደን ያለው አሠልጣኝ ግን እስከ ዛሬ አንድም ምክራችሁን አልሰማም።

ጊዶሌ ተራራ ሥር ስናልፍ ወሬው ወደ ሙዚቃ ዞረ። ልጁ ጆሮው ላይ የድምፃዊ ሮፍናንን ሙዚቃ ሰክቶ ነበር። "የባህል ሙዚቃ ይደብራል፤ አንድ ዓይነት ነው" አለኝ። በመስኮቱ በኩል ተራራውን አሳየሁት። እዚያ ላይ የደራሼ ሰዎች ፊላ ይጫወታሉ፤ ብዙ ሰው የየራሱን የቀርከሃ ዋሽንት ይዞ፣ አንዱ ብቻውን ቢነፋ ዜማ የማይወጣው፣ ሁሉም በየተራው ጣል ሲያደርግበት ግን ዜማው የሚሞላ። ቦስተን በርክሊ ገብቶ የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ በየመድረኩ ስለ እነዚህ ሰዎች ሳያነሳ አያልፍም። የጃዝ ተማሪ በትምህርት ቤት የሚለፋበትን "ዲሚኒሽድ" የሚባል ስኬል ደራሼዎች ከጥንት ጀምሮ በቀርከሃቸው ሲጫወቱት ኖረዋል ይላል። ልጁ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው አወጣና ትንሽ አሰበ። "ሮፍናን ቢሠራበት አሪፍ ይሆናል" አለ። ልቆጣ ፈልጌ ቃል አጣሁ። በ2010 የወጣው የሮፍናን አልበም "ነጸብራቅ" የአገር ቤት ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ሲገጥም ወጣቱ እንዴት እንደሚያደምጠው አሳይቷል። እኔ ፊላውን ያለ ከበሮ ማሽን ነው የምመርጠው። ይህ የዕድሜ ጉዳይ ነው ብትሉኝ አልከራከርም፤ "አንድ ዓይነት ነው" ያለውን ግን አልቀበለውም። ከሐመር የመጣችሁ ተመራቂዎች ታውቁታላችሁ፤ ኢቫንጋዲ በሚባለው የማታ ጭፈራ ላይ ያደገ ጆሮ ማን ምቱን እንደሳተ በጨለማ ይለያል። ያ ሃያሲነት ነው፤ የጋዜጣ ዓምድ ስላልተሰጠው ብቻ ሃያሲነቱ አይቀርም።

ቀይ አፈር የደረስነው ሐሙስ ነበር፤ ገበያው ደምቋል። በናዎች፣ ፀማዮች፣ አሪዎች፣ መሀላቸው ደግሞ ረጅም ሌንስ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ እንግዶች። አንዲት ሴት ፎቶ ላነሳት ቱሪስት እጇን ዘረጋች። ልጁ "ሰዉ ገንዘብ ለመደ፤ ባህሉ ተበላሸ" አለ። ይህን አስተያየት ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ የሚሰነዝረው ግን ብዙ ጊዜ ፎቶ አንሺው እንጂ የሚነሳው አይደለም።

እስቲ ወደ ኋላ እንሂድ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ገና አሥር ዓመት ሳይሞላው፣ በአውሮፓውያኑ 1974፣ የእንግሊዙ ግራናዳ ቴሌቪዥን የሙርሲን ሕዝብ ሕይወት የሚያሳይ ፊልም ሠርቶ ነበር። ፊልሙ ክፉ አልነበረም፤ አብሮ የሠራው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ቋንቋቸውን ለምዶ ዘመኑን ሁሉ ሲያጠናቸው የኖረ ሰው ነው። ሐመሮችንም ኢቮ ሽትሬከርና ጂን ሊዳል ለአሥርት ዓመታት ቀርጸዋል፤ በከተማችሁ ኮረብታ ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ከዚያ ድካም የተገኘ ነው። ሆኖም በግራናዳው ፊልም ላይ አስተያየት የሰጠው ሳሎኑ የተቀመጠ እንግሊዛዊ ነበር። በእኔ እምነት ያቺ የቀይ አፈር ሴት እጇን ስትዘረጋ በዚህ ሁሉ ካሜራ ላይ ያላትን አስተያየት እየተናገረች ነው። ዋጋ ማውጣትም አስተያየት ነው።

ዛሬ ካሜራው በእናንተ ኪስ ውስጥ ነው። ቲክቶክ ላይ የምትለቋቸውን አንዳንድ ቪዲዮዎች አይቻለሁ። ግልጽ ልናገር፤ የገዛ አክስታችሁን "የማይታመን ባህል!" ብላችሁ የምታሳዩበት ቪዲዮ ከቱሪስቱ ምንም አይሻልም። አክስታችሁ ስለ እናንተ ፀጉር አቆራረጥ ያላትን አስተያየት ብትቀርጹ ግን እኔ ከመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች አንዱ ነኝ።

ቴክኖሎጂን በአጭሩ ላንሳ። ጂንካ ልንገባ ስንል ልጁ "ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሁሉንም ያውቃል፤ ከእንግዲህ ማጥናት አያስፈልግም" አለኝ። ጥቂት ቀደም ብሎ እናቱን በስልክ በአሪ ቋንቋ ሲያናግራት ስለሰማሁት "እስቲ በእናትህ ቋንቋ ጠይቀው" አልኩት። የጎግል ትርጉም አማርኛን ያስገባው በ2008፣ ኦሮምኛና ትግርኛን በ2014 ነው። አሪ፣ ሐመር፣ ዳሰነች፣ ሙርሲ ወረፋ ላይ ናቸው፤ ወረፋውን የሚያሳጥረው ደግሞ በእነዚህ ቋንቋዎች የሚጽፍና የሚቀርጽ ሰው ነው።

ያ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት መብራት ከየት እንደሚመጣ ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በታኅሣሥ 2009 የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ከኦሞ ወንዝ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ግድቡ ውኃ ከያዘ ወዲህ የኦሞ ዓመታዊ ሙላት እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሙላቱ ሲሸሽ በሚቀረው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ የሚዘሩት ካሮዎች፣ ኛንጋቶሞችና ዳሰነቾች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በተቃራኒው ዳሰነች በጎርፍ ተፈናቅሏል። በዚህ ጉዳይ ከለንደን፣ ከናይሮቢና ከአዲስ አበባ የተጻፈውን ብዙ አንብቤያለሁ፤ አንዳንዱ ይጠቅማል፣ አንዳንዱ ወንዙን አይቶ አያውቅም። የመብራቱንም ጥቅም፣ የደለሉንም ጉዳት ከቤቱ የሚያውቅ የግብርና ወይም የኢኮኖሚክስ ተመራቂ የጻፈውን ግን ገና እየጠበቅሁ ነው። ስለ ሜሲ በሚከራከርበት ድፍረት፣ ቅዳሜ ማታ ቢሳሳት ሰኞ አስተካክሎ በሚመለስበት ልብ ይጻፍ። ከእናንተ መካከል የሚጽፈው ሰው ለእኔም ይላክልኝ፤ በአየር ላይ አነበዋለሁ። ካልተስማማሁም ስልኩን ከፍቼ እከራከረዋለሁ፤ እናቱም ደውላ ልታግዘው ትችላለች።