የዕቃው ዋጋና የማጓጓዣው ሒሳብ በሁለት መስመር ይጻፍ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የዞንና የወረዳ አመራሮች፣
የተከበራችሁ የመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮችና አባላት፣
ክቡራትና ክቡራን፣



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ግብይት አጭር ንግግር እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ የመረጥኩት ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። ርዕሱ የዕቃ ዋጋና የማጓጓዣ ወጪ ተለያይተው ሊጻፉ ይገባል የሚል ነው። ሆኖም በጠቅላላ ጉባኤያችን ከሚነሱት ቅሬታዎች ብዙዎቹ ሥራቸው እዚህ ላይ እንደሆነ ስለማምን ጥቂት ደቂቃ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።

በራሴ ላይ በደረሰው ልጀምር። ለመስኖ የምጠቀምበት የውሃ ፓምፕ ካርቡሬተር ተበላሽቶብኝ ልጄ በቴሌግራም ከአዲስ አበባ አንድ ሻጭ አገኘችልኝ። ዋጋው 1,400 ብር ነበር፤ ነቀምቴ ገበያ ከተጠየቅሁት ያንሳል። ከተስማማን በኋላ የመላኪያ 450 ብር ተጨመረበት። በአውቶቡስ ተጭኖ ሲደርስ ዕቃው ለእኔ ፓምፕ የማይሆን ሆኖ ተገኘ። ሻጩ 1,400 ብሩን መለሰልኝ። 450 ብሩ ግን «የመላኪያ ነው» ተብሎ ቀረ፤ የመመለሻውንም የከፈልኩት እኔ ነኝ። ዕቃው እጄ ላይ ሳይኖር ገንዘቡ ሄደ ማለት ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። ኢቤይ በሚባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ገበያ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። ገበያው ከሻጩ የሚወስደው ኮሚሽን ይሰላ የነበረው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ሻጮች ዕቃውን በጥቂት ሳንቲም እያቀረቡ የፖስታውን ክፍያ ከፍ ያደርጉት ጀመር። በዚህም ሦስት ጥቅም ያገኙ ነበር። በዋጋ ቅደም ተከተል ሲደረደር ዕቃቸው ከላይ ይታያል፤ ኮሚሽኑ ይቀንስላቸዋል፤ ዕቃው ቢመለስም የፖስታው ክፍያ እጃቸው ላይ ይቀራል። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ገበያው ኮሚሽኑን በማጓጓዣውም ላይ ማስላት የጀመረ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሁለተኛው ጥቅም ቀረ።

ገዢው ለምን ይሸወዳል? ታንጂም ሆሴንና ጆን ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱን አሳትመዋል። አንድ ዓይነት የሙዚቃ ሲዲ በሁለት መንገድ ለጨረታ አቀረቡ። በአንዱ መነሻ ዋጋው 4 ዶላር ሆኖ ፖስታው በነፃ ነው። በሌላው መነሻው 1 ሳንቲም፣ ፖስታው 3 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው። ድምሩ እኩል ነው። ነገር ግን ሁለተኛው ብዙ ተጫራች አገኘ፤ በመጨረሻም ከፖስታው ጋር ተደምሮ የበለጠ ገንዘብ አስገባ። ሰው ዓይኑን የሚጥለው በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ነው። ድምሩን የሚደምር ጥቂት ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ እሱም «ማጓጓዣ በነፃ» የሚለው ነው። መኪናው ነዳጅ ይጠጣል፣ ሾፌሩ ደመወዝ ይፈልጋል። ነፃ የተባለው ወጪ ዕቃው ዋጋ ውስጥ ገብቷል፤ አለዚያም ሌላ ሰው ከፍሎታል።

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህ ሁሉ ከእኛ ከገበሬዎቹ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖራል። በሚገባ ይገናኛል። በቆሎ በደረሰ ጊዜ ነጋዴው እስከ ማሳችን መጥቶ «የመኪና አታወጡም፣ እኔው ጭኜ እወስዳለሁ» ይለናል። ይህ የእኛ አገር ነፃ ማጓጓዣ ነው። የመኪናውን ኪራይ ከኩንታሉ ዋጋ ላይ አስቀድሞ ቀንሶታል፤ ስንት እንደቀነሰ ግን አይነግረንም። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአዲስ አበባውን የበቆሎ ዋጋ የሰማ ገበሬ የኩንታሉን የጭነት ዋጋና የጫኝና አውራጁን ለብቻ ካወቀ፣ የተሰጠው ዋጋ ተገቢ መሆን አለመሆኑን በራሱ ያሰላል። ካላወቀ ግን ከመቀበል ሌላ ምርጫ የለውም።

ቡናም እንዲሁ ነው። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ በከተማችን ስም «ለቀምት» እየተባለ ይሸጣል። በኒውዮርክ ገበያ የሚነገረው የአረቢካ ቡና ዋጋ በአሜሪካና በአውሮፓ ወደቦች መጋዘን ለገባ ቡና ነው። የእኛ ላኪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጡት ግን ኤፍ ኦ ቢ በሚባለው ውል ነው። ይኸውም ሻጩ ቡናው ጅቡቲ ላይ መርከብ እስኪጫን ያለውን ወጪ ይሸፍናል፤ የባሕሩ ማጓጓዣ የገዢው ነው። የዓለም ንግድ የዕቃውንና የማጓጓዣውን ወሰን በግልጽ ለይቶ የሚሠራው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ጠብ እንደሚነሳ ስለሚያውቅ ነው። የጉምሩክ ሕጋችንም ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ የሚያሰላው የማጓጓዣውንና የኢንሹራንሱን ወጪ ደምሮ ነው። ዋጋውን ወደ ጭነት በማሸሽ ቀረጥ ማምለጥ አይቻልም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። በመጋዘን በር ላይ የሚለጠፈው የማዳበሪያ ዋጋ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ነው። በዚያ አንድ ቁጥር ውስጥ የመግዣው ዋጋ፣ የባሕር ጭነቱ፣ የጅቡቲ ወደብ ክፍያ፣ የየብስ ማጓጓዣው፣ የጫኝና አውራጁ፣ የባንክ ወለዱ፣ የዩኒየኑና የመሠረታዊ ማኅበሩ ድርሻ አሉ። አባሉ ግን የሚያየው ድምሩን ነው። ዋጋው ሲጨምር የዓለም ገበያ ይሁን የመኪና ኪራይ ወይም የእኛው ብክነት ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ጥርጣሬው ሁሉ በሥራ አመራር ኮሚቴው ላይ ያርፋል። በደንብ የሠራው ኮሚቴም በዚህ ይጎዳል።

ከዚህ የሚከብደው የሩቅና የቅርብ ጉዳይ ነው። ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ የተወሰደ መሆኑን ልብ በሉልኝ። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ይጭናል እንበል። ለከተማው ቅርብ ለሆነ ማኅበር ኪራዩ 1,000 ብር፣ ወደ ኡኬ ቆላ ገባ ብሎ ላለ ማኅበር 6,000 ብር ቢሆን፣ ለቅርቡ በኩንታል 20 ብር፣ ለሩቁ 120 ብር ይደርሳል። ሁለቱም እኩል ኩንታል የሚወስዱ ከሆነና ዩኒየኑ ለሁሉም አንድ ዋጋ ቢቆርጥ፣ እያንዳንዱ 70 ብር ይከፍላል። የቅርቡ አባል ለሩቁ 50 ብር ረዳው ማለት ነው።

ይህ መረዳዳት ጥሩ ነው ወይስ ግፍ? በዓለም ላይ ሁለቱም ተሠርቶባቸዋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1840 ለደብዳቤ በአገሩ ውስጥ ርቀት ሳይለይ አንድ ፔኒ ብቻ አስከፈለች። አሜሪካ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1913 የጥቅል ፖስታ ስትጀምር አገሩን በርቀት ቀጠና ከፍላ ክፍያውን ለየች። የእኔ አስተያየት ከአንዱ ወገን ቢቀርብም ዛሬ የምለምነው ግን ሌላ ነው። የቅርቡ አባል እየረዳ ከሆነ መርዳቱን ይወቅ፤ የሩቁም አባል መረዳቱን ይወቅ። ሳያውቁት የሚደረግ መረዳዳት በታወቀ ቀን ቂም ይሆናል፤ በጉባኤ ድምፅ የተወሰነ ግን ኅብረት ሥራ የሚባለው እሱ ራሱ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤያችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ/ ደረሰኛችንና በመጋዘን በር የምንለጥፈው ዋጋ ሦስት መስመር ይኑረው፦ የዕቃው ዋጋ፣ የማጓጓዣና የጫኝና አውራጅ ወጪ፣ ጠቅላላ ድምር። ድምሩ በትልቅ ፊደል ይጻፍ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴን ዋጋህን በግልጽ አሳይ ብሏል፤ ኅብረት ሥራ ከነጋዴ ማነስ የለበትም።

2ኛ/ ማጓጓዣው ለሁሉም እኩል ይሁን ወይስ በርቀት ይለይ የሚለውን ጠቅላላ ጉባኤው በየዓመቱ ከመኸር ዝግጅት በፊት ይወስን። በዚያው መስመር ላይ ቁጠባም ይታያል። ማዳበሪያ አድርሶ ባዶውን የሚመለሰው መኪና የአባላትን በቆሎ ወይም ሰሊጥ ጭኖ ቢመለስ፣ የተገኘው ቅናሽ በወረቀቱ ላይ ይነበባል።

3ኛ/ ያልበቀለ ዘር ወይም የተበላሸ ዕቃ ሲመለስ የዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን አባሉ የከፈለው ማጓጓዣም ይመለስለት። በእኔ ካርቡሬተር ላይ የደረሰው በአባሎቻችን ላይ መድረስ የለበትም።

የወረዳው የኅብረት ሥራ ባለሙያዎችም ኦዲት ሲያደርጉ የማጓጓዣውን መስመር ለብቻ እንዲመረምሩልን በዚህ አጋጣሚ እጠይቃለሁ። ወጪ የሚደበቀው ብዙ ጊዜ እዚያ ነውና።

በስልካቸው የሚገዙና የሚሸጡ ልጆቻችንንም አደራ የምላቸው አለኝ። ስትገዙ «እኔ ዘንድ ሲደርስ ጠቅላላው ስንት ነው? ብመልሰውስ የትኛው ይመለሳል?» ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። የማርና የቡና ሻጭ የሆናችሁ ደግሞ ገዢው ሳይጠይቃችሁ ሁለቱንም ንገሩት። አንድ ጊዜ የተሸወደ ደንበኛ ወደ ነቀምቴ ተመልሶ አይደውልም።