ስለ ቤት ገንዘብ አያያዝ የተደረገ ንግግር



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓል ስለ ቤት ገንዘብ አያያዝ ጥቂት ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ አፈርሁ። ያፈርሁበትም ምክንያት ነገሩን ያወቅሁት በመማር ሳይሆን በመበደር ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን ገደል ገብቶ የወጣ ሰው ገደሉ ያለበትን ስፍራ ቢያመለክት አይነቀፍምና ትእዛዙን ተቀበልሁ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ገንዘቧን የምታኖረው በመቀነቷ ነበረ። ሽንኩርትና በርበሬ ሽጣ ማታ ስትገባ፥ ገና ሳትቀመጥ ብሩን ከሦስት ትከፍለውና በሦስት ቋጠሮ ታስረው ነበር። አንደኛው ለእህልና ለወፍጮ፥ ሁለተኛው ለእድርና ለቤት ኪራይ፥ ሦስተኛው ለነገ ንግድ መነሻ ነው። ሳይቋጠር የሚቀረው የተረፈው ሳንቲም ብቻ ነው፤ ስኳር ብንለምናት የምትገዛልን ከዚያ ነበረ። አንድ ቀን ታናሽ እኅቴ አዲስ ጫማ አምሯት ብታለቅስ፥ «ገንዘብስ አለ፥ ለጫማ የሚሆን ግን የለም» ብላ መለሰችላት። ያን ጊዜ ይህ የንፉግ ቃል መስሎኝ ነበር።

የእኔ ደመወዝ ግን ወደ ባንክ ይገባል፥ ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከ2013 ዓ/ም ወዲህም በእጅ ስልክ ይወጣል። ይህ በጎ ነገር ነው፤ ወረፋንም የኪስ ሌባንም አቅልሎልናል። ዳሩ ግን በስልክ ውስጥ ያለ ገንዘብ ቋጠሮ የለውም። የወፍጮው፥ የኪራዩና የሻዩ ብር ባንድነት አንድ ቁጥር ሆኖ ይታያል፤ ዓይንም ቁጥሩን አይቶ ይጠግባል። ስለዚህ ወሩ ሳይጋመስ ኪራዩን በማኪያቶና በታክሲ ጨርሰን፥ «ገንዘቡ ወዴት ሄደ?» እያልን እንደነቃለን። አልተሰረቀም፤ ሥራው ስላልተነገረው ያገኘውን ሥራ ሠራ እንጂ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። አባቴ ባረፈ ጊዜ እድሩ የሚገባውን ሁሉ አድርጎልናል፤ ድንኳኑን ተከለ፥ ዕቃውን አቀረበ፥ ገንዘቡንም ሰጠ። ለተዝካሩ ግን ዘመዶቼ «ሰው ምን ይላል?» አሉ፥ እኔም ሰው ምን እንደሚል አስቤ በሬ ለመግዛትና ጠላ ለማስጠመቅ ከአንድ አበዳሪ 20,000 ብር ተበደርሁ። ወለዱ በወር ከመቶ 10 ነበረ። ጸሎቱና ምጽዋቱ ይህን ሁሉ ድግስ እንደማይጠይቅ አባቶች አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን አልሰማሁም።

ሒሳቡን አብረን እንይ። ከመቶ 10 ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ በየወሩ ግን 2,000 ብር ነው። በአሥር ወር 20,000 ብር ከፈልሁ፥ ከዚያም በኋላ ዕዳዬ 20,000 ብር ነበረ። እንዲህ ያለው አራጣ በአገራችን የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው፤ ሆኖም የተቸገረ ሰው በሌሊት ሄዶ ሲበደር ሕግን አያስታውስም። በስድስተኛው ወር የምከፍለው ባጣ ጊዜ እናቴ ምንም ሳትናገር ሦስተኛውን ቋጠሮ ፈትታ ሰጠችኝ። እኔም ተቀበልኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ገበያ አልወጣችም።

ከዚህ ያወጣኝ የመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። በአነስተኛ ወለድ አበድሮኝ የአራጣውን ዋና ባንድ ጊዜ ከፈልሁ፥ ለማኅበሩም ከደመወዜ በየወሩ እየተቆረጠ አለቀ። ተበዳሪ የሆናችሁ ሁሉ፥ ውድ የሆነውን ዕዳ በርካሽ ዕዳ መለወጥ እንደሚቻል ዕወቁ፤ እኔ ይህን ያወቅሁት በአሥረኛው ወር ነው።

ብዙ ሰዎች «እቁብ ይሻላል ወይስ ባንክ?» እያሉ ይጠይቁኛል። የሐበሻ ባንክ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1898 ዓ/ም ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሆን እቁብ አልቀረም። ያልቀረበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ባንክ ገንዘብ ባታስገባ አይቈጣህም፥ የእቁብ ዳኛ ግን ከነዋስህ ይጠይቅሃል። ነገር ግን ሃያ ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ፥ ፊተኛው 20,000 ብር ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ ኋለኛውም ለሌሎቹ ያለ ወለድ አበደረ ማለት ነው። ዋጋ በሚወደድበት ዘመን የኋለኛው 20,000 ብር የፊተኛውን ያህል ዕቃ አይገዛም።

ባንክም ቢሆን ከዚህ አያድንም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ/ም ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ 7 ከፍ አደረገው። በዚህ በከመቶ 7 የተቀመጠ 100 ብር በሦስት ዓመት 122 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። የዕቃ ዋጋ ግን በየዓመቱ ከመቶ 20 ቢጨምር፥ የ100 ብር ዕቃ በዚያው ጊዜ 172 ብር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። እንግዲህ ለሕመምና ለድንገተኛ ችግር የሚሆነውን፥ ቶሎ እንዲገኝ በባንክ ማኖር ይገባል፤ ጥቂት ይጐድልበታል፥ ግን በሌሊት ወደ አበዳሪ ደጅ ከመሄድ ያድናል። የቀረውን ግን ሥራውን ሳያውቁለት ማከማቸት ትርፍ የለውም። ዕጣ የሚወጣለት ሰው ብሩን ተቀብሎ ምን ላድርግበት ብሎ ማሰብ ከጀመረ ዘገየ፤ አሳቡ ሳያልቅ ዘመድም ሱቅም ይደርሱበታል።

እኔ አሁን ያለሁበት እቁብ ዐሥራ ሁለት ሰዎች በወር 500 ብር የምንጥልበት ነው። ገና ስገባ በደብተሬ ላይ «የእናቴ ንግድ መነሻ» ብዬ ጻፍሁ። ባለፈው ጥቅምት ዕጣው ወጣልኝና 6,000 ብሩን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ ቆጠረችው፥ በመቀነቷም ቋጠረችው፥ ቀና ብላም «ይህ የንግድ ነው፤ ስኳር ብትለምነኝ አልሰጥህም» አለችኝ።