«ዕዳ» እና «እዳ»
(በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የብድር ሒሳቡን ወደ ኮምፒውተር ያዞርንበትን ሥራ እንድናስረዳችሁ ስለጠየቃችሁን ከስሕተታችን እንጀምራለን።

ብድር የሚያሰላውን አጭር ፕሮግራም የጻፍነው በፓይተን ነው። ፓይተን 3 በፊደላችን የተጻፈ ስም ስለሚቀበል ቁጠባ፣ ወለድ፣ ቅጣት፣ ዕዳ እያልን ሰየምን። አንዲት አባላችን 4,000 ብር ቀርቷት፣ ስላዘገየች 80 ብር ቅጣት ነበረባት። ፕሮግራሙ ግን 4,000 አለ። እሷም ከፍላ፣ «ተመስገን፣ ጨረስኩ» ብላ ሄደች። ወር ስንዘጋ የእጅ መዝገቡ አልገጥም አለን።

ሁለት ምሽት ፈልገን ያገኘነው አንድ ፊደል ነው። ቅጣቱን የሚደምረው መስመር «እዳ = ዕዳ + ቅጣት» ይላል። ለእኛ ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ስሞች። ፓይተን የማያውቀውን ስም አንብብ ሲባል ስሕተት ብሎ ይቆማል፤ በአዲስ ስም ቁጥር አስቀምጥ ሲባል ግን ዝም ብሎ ያስቀምጣል። 4,080ው «እዳ» ውስጥ ተቀምጦ ቀረ። (ሒሳብና ሂሳብም እንዲሁ ናቸው። በወረቀት ላይ ማን ይጎዳል?)

ስለዚህ የምንጽፍበትን ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድን ስም እንዲያሟላልን አዘጋጀነው። ኤክስቴንሽን ከሚለው ቦታ የማይክሮሶፍትን «ፓይተን» ጫንን፤ ስሞቹን የሚጠቁመው ፓይላንስ አብሮት ይመጣል። ቀጥሎ በኮምፒውተሩ ላይ ካሉት ፓይተኖች የምንጠቀምበትን መረጥን። መጀመሪያ ይህን ዘልለነው፣ የኤክሴል ፋይል የምናነብበትን ኦፕንፓይኤክስኤል አላውቅም ብሎን ነበር፤ የተጫነው በሌላኛው ፓይተን ላይ ነበርና። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

አሁን «ዕ» ብለን ስንጀምር ከሥሩ ዝርዝር ይወጣል፤ ካልወጣ ኮንትሮልን ይዘን ስፔስ እንጫናለን። በ«እ» ከጀመርን ዕዳ አይመጣም፤ ያኔ መሳሳታችንን እናውቃለን። ነገር ግን የተሳሳተው ስም አንዴ ፋይሉ ውስጥ ከገባ እሱም በዝርዝሩ ይሰለፋል፤ ስለዚህ አስቀድመን አሮጌውን ፋይል መስመር በመስመር አጸዳን። ኢንተር ስንጫን ያልፈለግነውን ስም እየመረጠ ስላስቸገረን፣ መምረጫው ታብ ብቻ እንዲሆን አድርገናል።

ጠቋሚው ስም እንጂ ሒሳብ አያውቅም። ወለድ በሚገባበት ቦታ ቅጣት ብንመርጥ አይቃወመንም። የእጅ መዝገቡን ያልተውነው ለዚህ ነው፤ ወር ሲዘጋ አንዳችን ስታነብ ሌላችን ታመሳክራለች።

ለአባላችን ቤቷ ሄደን ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ነግረናታል። 80 ብሩ ይቅርላት ወይስ ትክፈል የሚለውን ለዛሬው ስብሰባ አቅርበናል።