ስለ አደንዛዥ ዕፅ ተቈጣጣሪዎች አቀጣጠርና አቀጣጥ



ዛሬ የምናቀርብላችሁ ንግግር ስለ አንድ ዓይነት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ይህ ሠራተኛ እንደ እናንተ ደመወዙን ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይቀበላል፤ እንደ እናንተም በደረጃና በደንብ ይተዳደራል። ይሁን እንጂ እናንተ ማታ ከመሥሪያ ቤታችሁ ስትወጡ መዝገቡን ዘግታችሁ፤ ቁልፉን መልሳችሁ ነው። እርሱ ግን የመንግሥትን ገንዘብ በኪሱ ይዞ፤ ስሙን ለውጦ፤ ከወንጀለኞች ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጦ ያመሻል። ይኸውም የአደንዛዥ ዕፅን ንግድ ለማጥፋት የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ወኪል ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መንግሥት እንዴት ይቀጥረዋል? ሲያጠፋስ እንዴት ይቀጣዋል? ይህን ጥቂት እንመረምራለን።

ለምሳሌ የምንወስደው የዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካን መሥሪያ ቤት ነው። የመረጥነውም ከሌላው ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ስለ ተገኘ አይደለም፤ ጉድለቱ በፍርድ ቤትና በሕግ መምሪያ ምክር ቤት መዝገብ ላይ ለማንም እንዲታይ ሆኖ ስለ ተጻፈ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

እስከ 1930 ድረስ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው በግምጃ ቤት ሚኒስቴር ውስጥ የመጠጥ ክልከላን ሕግ ከሚያስፈጽመው መምሪያ ጋር የተያያዘ አንድ ክፍል ነበር። አለቃውም ሌዊ ነት ይባሉ ነበር። በዚያው በ1930 በኒውዮርክ የተሰበሰበ የመርማሪዎች ጉባኤ ሁለት ነገሮችን ገለጠ። አንደኛው፤ የአለቃው ልጅና አማች አርኖልድ ሮትስቲን ለተባለው፤ በ1928 በጥይት ተመቶ ለሞተው ስመ ጥር ቁማርተኛና የዕፅ ንግድ ባለገንዘብ፤ በግብር ጉዳይ ሲሠሩለት የነበሩ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፤ የኒውዮርክ ቅርንጫፍ ወኪሎች የከተማው ፖሊስ የያዛቸውን ሰዎች እንደ ራሳቸው ሥራ እየቈጠሩ በሪፖርታቸው ላይ ሲያሰፍሩ መገኘታቸው ነው።

ጋዜጦች ያራገቡት የመጀመሪያውን ነበር። የቢሮ ሠራተኛ ለሆነ አንባቢ ግን ሁለተኛው ይልቅ የሚያሳስብ ይመስለናል። የወኪል ትጋት የሚለካው በያዛቸው ሰዎች ቍጥር ብቻ ከሆነ፤ ቍጥሩን ማሟላት ከሥራው ይልቅ ሥራ ይሆናል። አንድን ትልቅ ነጋዴ ለመያዝ አንድ ዓመት በትዕግሥት የሚጠብቀው ወኪል ሰነፍ ይባላል፤ በየመንገዱ ሱሰኛውን እየለቀመ የሚያስገባው ደግሞ ዕድገት ያገኛል። የወሩን ሪፖርት ለማሳመር ያለፈውን ወር ደብዳቤ ጨምሮ የሚቈጥር ጸሓፊ አይታችሁ እንደ ሆነ ነገሩን ለመረዳት አትቸገሩም።

አለቃው ከቦታቸው ተነሡ፤ በዚያው ዓመትም የናርኮቲክ ቢሮ የሚባል ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ሃሪ አንስሊንገር ኮሚሲዮነር ሆኑ። እስከ 1962 ድረስም በዚያው ሹመት ቈዩ። የወኪሎቹ ቍጥር በብዙው ዘመን ሦስት መቶ ገደማ ብቻ ነበር። በዚህ ቍጥር እንዲያን የሚያህል አገር መጠበቅ የሚቻለው በጠቋሚ ሰዎች አማካይነት ነው፤ ጠቋሚው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ራሱ ሱሰኛ ወይም ነጋዴ ነው። ወኪሉ ለጠቋሚው ገንዘብ ይሰጣል፤ ለመረጃ የሚሆነውን ዕፅም በመንግሥት ገንዘብ ይገዛል። ምን ያህል እንደ ሰጠ፤ ምን ያህልስ እንደ ገዛ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ከሆኑ፤ አንዱም ወንጀለኛ ከሆነ፤ ሒሳቡን ማን ይመረምራል? በ1960ዎቹ ማለቂያ አንድሩ ታርታግሊኖ የተባሉ መርማሪ የኒውዮርክን ቅርንጫፍ በፈተሹ ጊዜ በርካታ ወኪሎች ሥራቸውን ለቀቁ፤ ከነርሱም መካከል ዕፅ በመሸጥ የተከሰሱ ነበሩ። በ1968 ቢሮው ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር ተዋሕዶ ወደ ፍርድ ሚኒስቴር ተዛወረ። በሐምሌ 1973 ደግሞ ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ይዞ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት ሆኖ እንደ ገና ተቋቋመ። በዚያ ጊዜ 1 ሺህ 470 ወኪሎች ነበሩት፤ አሁን ከ4 ሺህ በላይ ናቸው።

አዲሱም ቤት ቢሆን ሁለት ዓመት ሳይሞላው የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ጆን ባርትልስ በ1975 ከሥራቸው ተነሥተዋል። ከተነሣባቸው ወቀሳ አንዱ በመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ላይ የሚቀርበውን የታማኝነት ክስ በሚገባ አላስመረመሩም የሚል ነበር። ወቃሹም እነዚሁ ታርታግሊኖ ነበሩ። የሰሌዳ መለወጥ ጠባይን እንደማይለውጥ ከዚህ ይታያል።

የዕቃ ግምጃ ቤትን ነገር ካነሣን፤ የኒውዮርክ ከተማ ፖሊስ የደረሰበትን ሳንናገር ማለፍ አይገባም። ይህ የከተማው ፖሊስ እንጂ ከላይ የተናገርነው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት አለመሆኑን ልብ በሉ። በ1962 ከፈረንሳይ አገር በአውቶሞቢል ውስጥ ተደብቆ የመጣ ሄሮይን ተይዞ በመረጃነት ግምጃ ቤት ተቀምጦ ነበር። በታኅሣሥ 1972 ሲመረመር፤ በዱቄቱ ውስጥ ነቀዝ ተገኘ። ሄሮይን ደግሞ ነቀዝ አይበላውም። ለካስ ሰው ዕፁን አውጥቶ በምትኩ የምግብ ዱቄት አስቀምጦበት ኖሯል። ሒሳቡ ሲጣራ ከዚያ ግምጃ ቤት የጠፋው ሄሮይንና ኮኬይን ወደ 4 መቶ ፓውንድ ሆነ። ዕቃው የወጣው በርን በመስበር አልነበረም፤ ለፍርድ ቤት ይፈለጋል ተብሎ፤ በመዝገብ ላይ በሐሰት ስም ተፈርሞ ነው። ፈራሚው በእውነት እርሱ ነውን ብሎ የጠየቀ፤ ዕቃው ሲመለስም እንደ ገና የመዘነ አልነበረም።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ቤት የሚጠብቀው ደንብ ሲታይ ተራ ነገር ይመስላል። ለጠቋሚ ገንዘብ ሲከፈል ሁለተኛ መኰንን ቆሞ ይመሰክራል፤ ጠቋሚውም ደረሰኝ ይፈርማል። የተያዘው ዕፅ ተመዝኖ፤ ታሽጎ፤ ወደ መሥሪያ ቤቱ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቍጥርም ፊርማ ይከተለዋል። ይህን ሁሉ አድካሚ የወረቀት ሥራ ነው የሚሉ ወኪሎች ሞልተዋል። ነገር ግን ፊርማው ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው ንጹሑን ወኪል ነው፤ በሐሰት በተከሰሰ ጊዜ የሚቆምለት ምስክር እርሱ ብቻ ነውና።

ወደ አቀጣጠሩ እንመለስ። ለዚህ ሥራ የሚቀጠር ሰው ዕድሜው ከ21 ያላነሰ፤ ከ36 ያልበለጠ መሆን አለበት፤ በ57 ዓመቱም ጡረታ ይወጣል። ያለፈ ሕይወቱ፤ ዕዳውና ጎረቤቱ ሳይቀር ይመረመራል፤ በውሸት መመርመሪያ መሣሪያም ይጠየቃል። ወደ ማናቸውም ስፍራ ቢመደብ እንደሚሄድ አስቀድሞ ይፈርማል። ከዚያም በቨርጂኒያ አውራጃ በኳንቲኮ አራት ወር ገደማ ይሠለጥናል።

ደንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ውጤቱን የማይከተሉት ምርመራ ምን ይጠቅማል? ቀድሞ በማያሚ ኋላም በኮሎምቢያ የተመደበ አንድ ወኪል፤ ሲቀጠር በውሸት መመርመሪያው እውነቱን እንዳልተናገረ ታይቶ ነበር፤ ከዚያም ዕዳውን መክፈል አቅቶኛል ብሎ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ነበር። ይህ ሁሉ በፋይሉ እያለ የወንጀለኞችን ገንዘብ እንዲያንቀሳቅስ ተፈቀደለት። በ2020 ጥፋቱን አመነ፤ በ2021 ከአሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጥ እስራት ተፈረደበት። ዕዳ ኀጢአት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ባለዕዳን ሰው በማይቈጠር ገንዘብ ላይ ማስቀመጥ ለእርሱም ለመንግሥትም ደግነት አይደለም።

የሠራተኛው አካልም ይመረመራል። በ1986 ፕሬዚደንት ሬገን የፌዴራል ሠራተኞች በሥራም ሆነ ከሥራ ውጭ ከተከለከሉ ዕፆች እንዲርቁ አዘዙ። የጉምሩክ ሠራተኞች ማኅበር የሽንት ምርመራው ክብራችንን ይነካል ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ። በ1989 ከዘጠኙ ዳኞች አምስቱ፤ ዕፅን በቀጥታ ለሚከላከሉና መሣሪያ ለሚይዙ ሠራተኞች ምርመራው ይገባል ብለው ፈረዱ። አራቱ ግን ተቃወሙ፤ ተቃውሞውም ሊናቅ የሚገባው አልነበረም። ያጠፋ ሰው መኖሩ ሳይታወቅ ሁሉን መጠርጠር ከባድ ነገር ነውና።

አሁን ስለ ቅጣቱ። በዚህ መሥሪያ ቤት ክሱን የሚመረምር አንድ ክፍል ነው፤ ምርመራውን አንብቦ የሚገባውን ቅጣት የሚያቀርብ ሌላ ቦርድ ነው፤ የተከሳሹን መልስ ሰምቶ የሚወስነውም ሌላ ሹም ነው። አንድ አለቃ በተቈጣ ቀን ሠራተኛውን እንዳያባርር፤ በወደደውም ቀን ጥፋቱን እንዳይሸፍን የታሰበ ነው። በአገሪቱ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግም ከሥራ የሚሰናበት ሰው በመደበኛው የ30 ቀን ማስታወቂያ ይሰጠዋል፤ ለመልሱ ቢያንስ 7 ቀን ያገኛል፤ ጠበቃ ሊያቆም ይችላል። ከ14 ቀን የማይበልጥ እገዳ ግን ይግባኝ ወደሚሰማው ቦርድ አይደርስም።

በምርመራው መካከል አንድ ቀጭን ነገር አለ። አለቃው ሠራተኛውን «ካልተናገርህ ትባረራለህ» ብሎ ቃሉን ቢቀበለው፤ ያ ቃል በወንጀል ክስ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ይህን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 በኒውጀርሲ ፖሊሶች ጉዳይ ወስኗል። ስለዚህ ቸኩሎ ያናዘዘ መርማሪ ወንጀለኛውን ከእስር ቤት ሊያድነው ይችላል። ሐሰት መናገር ደግሞ በዚህ ሥራ ከሌላው ሥራ ይልቅ ይከብዳል። በ1963ና በ1972 በተሰጡ ፍርዶች መሠረት የምስክሩን ታማኝነት የሚነካ ነገር ለተከሳሹ መገለጥ አለበት፤ እንግዲህ በሪፖርቱ ዋሽቶ የተቀጣ ወኪል በመጣበት ችሎት ሁሉ ይህ ይነሣበታል። ዕፅ ነጋዴን ይዞ ሊመሰክርበት የማይችል ወኪል ምን ሊሠራ ይቀጠራል?

ደንቡ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ግን ምን እንደ ደረሰ ተመልከቱ። በመጋቢት 2015 የፍርድ ሚኒስቴሩ ጠቅላይ ኢንስፔክተር ያወጡት ሪፖርት፤ በውጭ አገር የተመደቡ የዚህ ቤት ወኪሎች በዕፅ ነጋዴዎች ገንዘብ በተሰናዳ፤ ሴተኛ አዳሪዎች በተጠሩበት ግብዣ ለብዙ ጊዜ ሲገኙ እንደ ነበር ገለጠ። ሦስት የበላይ ወኪሎች ከነጋዴዎቹ ገንዘብ፤ ውድ ስጦታና የጦር መሣሪያ መቀበላቸውም ተነግሮባቸዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት በእኛ አገር ብቻ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። ከአሥሩ ሰባቱ በግብዣው መገኘታቸውን አመኑ፤ ቅጣታቸውም ከሁለት እስከ አሥር ቀን እገዳ ሆነ።

አስተዳዳሪዋ ሚሼል ሌንሃርት በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ሲጠየቁ፤ የሠራተኞች ሕግ በቅጣቱ እንዲገቡ እንደማይፈቅድላቸው ተናገሩ። በሚያዝያ ወር ከሥራ እንደሚሰናበቱ ተገለጠ። ብዙዎች ይህን ሰምተው ጥፋቱ ለሠራተኛ መብት የቆመው ሕግ ነው አሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ኢንስፔክተሩ የጻፉት ሌላ ነው። የቅርብ አለቆች ክሱን «የቅርንጫፉ የውስጥ ጉዳይ» ብለው ለመርማሪው ክፍል አላስተላለፉም ነበር። መርማሪውም ክፍል ነገሩን ለጸጥታ ጥበቃው ክፍል አልነገረም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ወኪሎቹ ምስጢር የመያዝ ፈቃዳቸው ይመረመር ነበር። ሌላም አለ። የቅጣት ሠንጠረዡ ሴተኛ አዳሪነት በሚፈቀድበት ወይም በቸልታ በሚታለፍበት አገር ላለ ወኪል ግልጽ ቃል አልነበረውም። እገዳ የሚወስነው ሹም ሠንጠረዡን ገልጦ የሚስማማ አንቀጽ ሲያጣ፤ ወደ ቀላሉ ማዘንበሉ የሚያስደንቅ አይደለም። ሕጉ ሹሙን ከማባረር አላገደውም፤ ማንም ወረቀቱን በጊዜው በሹሙ ጠረጴዛ ላይ አላኖረለትም እንጂ።

ሪፖርቱ በወጣ በሚቀጥለው ወር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኤሪክ ሆልደር ለሚኒስቴሩ ሠራተኞች በሙሉ ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤውም ማንም ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ይሁን ከሥራ ውጭ፤ የሚኖርበት አገር ሕግ ቢፈቅድም እንኳ ሴተኛ አዳሪ እንዳይፈልግ ከለከሉ፤ ይህን የተላለፈም እስከ ስንብት ድረስ እንደሚቀጣ አስታወቁ።