የተረት ፍጡራን ምን ዐይነት የዜማ መሣሪያ ይመቱ ነበር?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የክፍላችን ተማሪዎች አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ እንዲህ የሚል ጨዋታ አንሥተን ነበር፤ በተረት የምናውቃቸው ፍጡራን ዜማ ቢያውቁ ኖሮ፣ ለየትኛው ፍጡር የትኛው መሣሪያ ይስማማዋል? ስሞቹን በሰሌዳ ላይ ጽፈን ማደል ጀመርን፡፡

የአጋንንት አለቃ ነጋሪት ደረሰው፡፡ ነጋሪት የአዋጅ መሣሪያ ነውና፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የሕግ ጋዜጣችን እንኳ የሚጠራው በስሙ ነው፡፡ ተራው ሰይጣን ክራር ወሰደ፡፡ በገና የዳዊት፣ ክራር ግን የሰይጣን ነው የሚል የቆየ አባባል ስላለ ብዙ አልተከራከርንም፤ ክራር የሚመቱት ጓደኞቻችን ግን እስከ ዛሬ አኩርፈውናል፡፡ ድንኩ ባለ 10 አውታሩን በገና ቢመኝም፣ መሣሪያው ከእርሱ ስለሚረዝም በዋሽንት ተጽናና፡፡

ትልቁ ክርክር የተነሣው በጭራቁ ነው፡፡ ትንፋሹ ብርቱ ስለ ሆነ እምቢልታ ይገባዋል ተባለ፡፡ ነገር ግን እምቢልታ በጣት የሚደፈን ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ብቻውን የሚያወጣው ድምፅ ጥቂት ነው፡፡ ዜማው የሚሞላው ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ ሲነፉት ነው፡፡ ጭራቅ ደግሞ ጓደኞቹን ይበላል! ስለዚህ እምቢልታውን ነጠቅነው፡፡

በመጨረሻ ሌሊት ጅብ የሚሆነው ሰው ቀረ፡፡ አንዲት ተማሪ፣ «በተረቱ ይህ ሰው ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ስለዚህ በእጁ የሚሠራውን ጸናጽል ስጡት» አለች፡፡ ሁላችንም ሳቅን፡፡ ከመካከላችን ግን አባቱ ብረት ቀጥቃጭ የሆነ ልጅ ነበር፡፡ «አባቴ ሌሊት ሲዞር የሚያድር ጅብ ከሆነ፣ ለሾኔ ገበያ ማረሻውን ማን ቀጥቅጦ ያደርስላችኋል?» ሲል ጠየቀን፡፡

መልስ አላገኘንም፡፡ እርሱ ከጭራቅና ከድንክ ጋር የጻፍነው ፍጡር፣ ለካ በሰፈራችን የሚኖር ሰው ኖሯል፡፡ በአማራ አገር ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ሲሉት ኖረዋል፤ በቤተ ክርስቲያን በክብር የሚያዘው ጸናጽል ግን የዚያው የባለ እጅ ሥራ ነው፡፡ በሀዲያና በከምባታም ሸክላ ሠሪው ለሰው ሁሉ ማሰሮ እየሠራ፣ ከሰው ማዕድ ሳይቀርብ የኖረበትን ዘመን ወላጆቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል፡፡

የጅቡን ስም ከሰሌዳው አጠፋነው፡፡ ጸናጽሉ ያለ ባለቤት ስለ ቀረ፣ የሚስማማው የተረት ፍጡር ያሰበ ተማሪ ቢኖር ለክፍላችን ይንገረን፡፡